ቦጂያ ጀልባውን ያስረከበበት ሐሙስ

ቦጂያ በደንዲ ሐይቅ ላይ ሰው ማሻገር ከጀመረ አርባ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ሙሽራ አሻግሯል፣ ሬሳ አሻግሯል፤ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ሲያሻግርም ሁለት ልጆች እዚያው ጀልባው ላይ ተወልደዋል። ባለፈው ማክሰኞ ግን አምቦ ወርዶ ታየና ሐኪሙ ዓይኑን በመብራት ሲመረምር ቆይቶ፣ «አባባ፣ የዓይን ግፊት ነው። የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን፣ የሄደው ግን አይመለስም» አለው። ለቦጂያ ይህ አዲስ ወሬ አልነበረም። ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚያየው ጥላና ብርሃን ብቻ ነው። ይህንንም ከእሱና ከፈጣሪው በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ነበር የሚኖረው።

እንዴት ቀዘፈ ታዲያ? ቀዛፊ እንደሆነ ድሮም የሚቀመጠው ጀርባውን ወደሚሄድበት ሰጥቶ ነው። ማዶ ያለው መውረጃ በሁለት ጥቋቁር ድንጋዮች መሃል ያለች፣ ጀልባ ሾልካ የምትገባባት ጠባብ በር ናት። ቦጂያ ያቺን በር፣ ‹ማዕበል ነው› ካለው ከአንድ ቀን በቀር፣ ስቶ አያውቅም። «ዓይኔ ቢከዳኝ እጄ አይከዳኝም» እያለ በልቡ ይኮራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሳይሆን ብዙ ነበር የሚኮራው።

የማዶ ሰው ደግሞ ሰላምተኛ ነው። በኮሮናው ጊዜ መጨባበጥ ሲከለከል ከሩቅ ሰላም ማለት ጀመሩ፤ በሽታው ሲያልፍም አመሉ አልለቀቃቸውም። ጀልባዋ ገና ሳትደርስ ጌጤነሽ ከውሃው ዳር፣ «አካም ቡልቴ ቦጂያ! ቤቱ ደህና? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና?» ብላ ትጀምራለች። የእሷ ሰላምታ ጀልባዋ አፈር እስክትነካ አያልቅም። ሰላምታን ፊት አዙሮ አለመመለስ ነውር ነውና ቦጂያም ወደ ድምፁ ዞር እያለ ይመልሳል። ደስ የማይለው ሐሙስ ብቻ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ፈይሳ የሚባለው ሽማግሌ ከመውረጃው ላይ ቆሞ በበሬዎቹ ላይ ይጮሃል። በድንበር ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት ሰላም አይባባሉም። ቦጂያ ያ ሁሉ ጩኸት እሱን ለማናደድ ነው ይል ነበር።

ከአምቦ ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት አራስ ዕቃዋን እስክታስተካክል ሕፃኗን እንዲያቅፍላት ለቦጂያ ሰጠችው። ሕፃኑ ደረቱ ላይ ሲተነፍስ ቦጂያን ፍርሃት ወረረው። የስንቱን ልጅ ነፍስ በኩራቱ ሲያሻግር እንደኖረ ያን ጊዜ ገባው።

ሐሙስ ጠዋት ልጁን ሃዋኒን ጠራ። ሃዋኒ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከጀልባዋ ውሃ ስትቀዳ ያደገች ናት። ቦጂያ እርጥብ ሳር ጨብጦ መቅዘፊያዎቹን ሰጣት።

«ከዛሬ ጀምሮ ጀልባዋ ያንቺ ናት። ውሃው ይቅለልሽ፣ ነፋሱ ይታዘዝሽ» ብሎ መረቃት። «አሁን አሻግሪኝ። ዓይኔ ጠፍቶ የማዶን ሰው እያታለልኩ ኖሬያለሁ። ፊታቸው ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቢረግሙኝም ይገባኛል።»

ሃዋኒ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ጉልበቱን ስማ ጀልባዋ ውስጥ ገባች።

ቦጂያ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተሳፋሪ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ተቀመጠ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያየው ትቶት የሚሄደውን ዳር ነው፤ የሚመጣውን ዳር እንዲህ ፊት ለፊት ተቀብሎት አያውቅም። ዛሬ በደከመ ዓይኑ እንኳ ብርሃኑ ውሃውን ሞልቶ ወደ እሱ ሲመጣ፣ ተራራው እንደ ጥቁር ደመና ከፊቱ ሲያድግ ታየው። «ኧረ የአምላክ ያለህ! ተሳፋሪው ሁሉ ይህን እያየ ኖሯል?» አለ። ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ።

መሃሉን እንዳለፉ ጩኸቱ ተሰማ። «ዳለቻ! ኮቱ! ወዲህ በል አንተ ዳለቻ!»

«ይኸው» አለ ቦጂያ ፊቱን አጨፍግጎ። «ይሄ ሰው ዛሬ እንኳ አይተወኝም። በሬውን የሚያውለው ሌላ ቦታ የለውም?»

ሃዋኒ መቅዘፏን አቆመች።

«አባዬ፣ ኦቦ ፈይሳ በሬ የላቸውም። ከሸጧቸው ሦስት ዓመት አለፈ።»

«ታዲያ በማን ላይ ነው የሚጮኸው?»

«ላንተ ነው። በኮሮናው ዓመት ጀልባዋን ከድንጋዩ ጋር አላትመህ ‹ማዕበል ነው› አልከን። ሐይቁ ግን እንደ ረጋ ወተት ነበር። ያን ዕለት የማዶ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሊያዋርዱህ አልፈለጉም፤ አስጠንቅቀው ሊያስተዉህም አንደበት አጡ። ስለዚህ ከበሯ ላይ እየቆሙ እንዲጠሩህ ተራ አወጡ። አንተ ወደ ድምፁ ትመጣለህ። ሰኞ ጌጤነሽ ናት፣ ማክሰኞ ኤቢሳ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ... ሐሙስ የሚቆም ሲጠፋ ኦቦ ፈይሳ ‹እኔ አለሁ› አሉ። ሰላም እንዳይሉህ ኩርፊያ አለ። በሬ ጠሩ።»

ቦጂያ ክረምቱን አሰበ፤ ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ ጭጋግ። ጀልባዋ ስትዘገይ እዚያ ጭቃ ላይ ቆሞ የሌለ በሬ የሚጠራውን ሰው አሰበ። እጄ ያውቀዋል ያለው መንገድ ሁሉ የሰው ድምፅ ነበር። ሰው ለሰው ይህን ያህል ያደርጋል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ቅዘፊ» አላት በመጨረሻ። «ፈይሳን ቆሞ አታስጠብቂው።»

ሃዋኒ እንደ አባቷ ጀርባዋን ለበሯ ሰጥታ፣ ድምፁን ተከትላ ገባች። ቦጂያ ክንዷን ተደግፎ ወረደ። ጩኸቱ ተቋረጠ። ከፊቱ ረጅም ጥላ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማል።

«አካም ጂርታ ፈይሳ» አለ ቦጂያ።

ፈይሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደህና ነኝ። አንተስ?»

«በሬዎችህስ?»

ፈይሳ በሰለለ ድምፅ መለሰ።

«ደክሟቸዋል፣ ቦጂያ። ዛሬ ከቀንበር ይፈታሉ።»

ቦጂያ ይቅርታ ሊልበት ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋበት። የፈይሳን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ አለቀሰ።