ነጭ ብረት

«መሐላው ነው የበላቸው» አለች አንዲቱ ሴት።

«ተይ፣ ይሰሙሻል።»

«ምን ተይ! ‹ዋሽቼ እንደሆነ ዓመት አልድረስ› ያሉት በገዛ አፋቸው አይደል? ይኸው አልደረሱም።»

ወንድምአገኝ የውኃ ጀሪካን ተሸክሞ ከድንኳኑ ኋላ ቆሞ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህችን ግን ሰማት። አባቱ አቶ ውባየሁ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሳል ያዛቸው፣ ደረታቸው ተዘጋ፣ ሞቱ። አገሩ ግን ሳል ገደላቸው አላለም።

ጀሪካኑን አውርዶ ሲገባ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ንፍሮ መዝገን ጀመሩ። ጥግ ላይ ጎረቤታቸው ዓምደ ሚካኤል በርኖሱን ተከናንቦ ተቀምጧል። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። ያስማላቸውም እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ ነው። የመሬት ኮሚቴ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ማሳ ለማሳ ሲዞር የሁለቱ ወሰን አከራከረ። የወሰኑ ድንጋይ ከቦታው ተነሥቷል። ማን እንዳነሣው ሁሉም ያውቃል፤ አየሁ የሚል ግን የለም።

«ድንጋዩ ቢነሣ ሥሩ አለ» አሉ አቶ ውባየሁ። «ያንተም አባት የኔም አባት ሲያቆሙት ከሥሩ ከሰል ቀብረዋል።»

ዓምደ ሚካኤል ሳቀ። «ጋሼ ውባየሁ፣ ይህ መሬት ለገብስ አፈሩ ሲቃጠል የኖረ ነው። የትም ቢቆፍሩ ከሰል አያጡም።»

«ይህን ስለሚያውቁ ነዋ የጣሊያን ሳንቲም የጨመሩበት! ሦስት። ጣሊያን ሲወጣ ሳንቲሙ ገበያ ላይ ሞተ፤ ለምስክርነት ግን ይበቃል ብለው ቀበሩት። ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ቡቃያው ገና ቁርጭምጭሚት አልደረሰም። ወሰኑን ሊያዩ የተሰየሙት ሽማግሌዎች እህል አናስገለብጥም፣ የብረት መፈለጊያ ጮኾ የጠቆመው ቦታ ብቻ ይቆፈር አሉ። ወንድምአገኝ መሐል ሜዳ ከተማ የወፍጮ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ በማሽን የሚታማ ሰው አይደለም። ከጓደኛው ከወሰኔ፣ ሬዲዮ ከሚጠግነውና የተቀበረ ነገር ከሚያስሰው፣ ብረት መፈለጊያ ተውሶ መጣ።

መሣሪያው በየእርምጃው ጮኸ። ሲቆፈር የማረሻ ስባሪ ወጣ፤ ሚስማር ወጣ፤ የበቅሎ ጫማ ወጣ። ሽማግሌዎቹ መሳሳቅ ጀመሩ። ወንድምአገኝ አፈረ። ማዞሪያውን አዙሮ መሣሪያው ብረትን እንዳይሰማ፣ ብርና መዳብን ብቻ እንዲሰማ አደረገው። በእናቱ የአንገት ጠገራ ፈተነው፤ ደህና አድርጎ ጮኸ።

አቶ ውባየሁ ከኮታቸው ኪስ ማግኔት አወጡ። ከተሰበረ ሬዲዮ የተፈታ ነው፤ ለሚስታቸው የወደቀ መርፌ የሚለቅሙበት።

«ልጄ፣ ሳንቲሙ እኮ ብረት ነው። ነጭ ብረት። ዝገት አያውቅም እንጂ ማግኔት ይይዘዋል።»

«አባባ፣ ይህ የማሽን ነገር ነው። ሳንቲም ከብረት አይሠራም። ሰው ፊት አያሳፍሩኝ፤ ዳር ይቀመጡልኝ።»

ማግኔቱን ወደ ኪሳቸው መልሰው ዳር ተቀመጡ። መሣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ጊዜ አልጮኸም።

«እንግዲያው ይማሉልኝ» አለ ዓምደ ሚካኤል።

በደጀ ሰላም ማሉ። ቢምሉም ኮሚቴው ማስረጃ የለም ብሎ ወሰኑን ለዓምደ ሚካኤል ጻፈ። ከዚያ ወዲያ አቶ ውባየሁ ከቅዳሴ ሲመለሱ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር። በጥር ሞቱ።

በሰባተኛው ቀን ወሰኔ ለቅሶ ደረሰ። ዓለም ከተማ ከርሞ መመለሱ ነው፤ መሣሪያውንም ሊወስድ አስቧል። እግዜር ያጽናህ ብሎ፣ ንፍሮ ቀምሶ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሳንቲሙስ? አገኛችሁት?»

«ምንም የለም።»

«የጣሊያን አልነበር? እሱ አስቸጋሪ ነው። እኔንም ስንት ቀን አንከራቶኛል። ብረቱን የዘጋህ እንደሆነ በላዩ ያልፋል።»

«ለምን?»

«ብረት ነዋ! ነጭ ብረት።»

ወንድምአገኝ እጁ ላይ የነበረውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰ። ተነሥቶ መሣሪያውን ከጓዳ አወጣ።

«በአባትህ ሰባት?» አሉ እናቱ ወይዘሮ ጌታነሽ። «ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ብሏል፣ እማዬ።» ከለቀስተኛው መሐል ወደ ደብሩ መሪጌታ ዞረ። «መሪጌታ ኪዳነ ወልድ፣ አብረውን ይምጡ። ዓይንዎን እፈልገዋለሁ።»

ዓምደ ሚካኤልም ሳይጠራ ተከተለ።

ማሳው ታጭዶ ቃርሚያ ብቻ ቀርቷል። ወንድምአገኝ መሣሪያው ብረትም እንዲሰማ ከፈተው፤ እንደ ሐምሌው ተንጫጫ። ወሰኔ የጩኸቱን ኃይል በጥቂት በጥቂት ቀነሰለት። «አትቸኩል። በአንድ በኩል ጮኾ በሌላው የሚቆራረጠው ሚስማር ነው። ሳንቲም ክብ ነው፤ በየትም ብትመጣበት እኩል ይጮኻል።»

እየሄደ፣ እየተመለሰ፣ የሚቆራረጠውን እያለፈ ጥቂት ቆየ። ኮሚቴው ካቆመው አዲስ ድንጋይ አሥራ ሰባት እርምጃ በዓምደ ሚካኤል ወገን መሣሪያው ጮኸ። ቢዞረውም እኩል ጮኸ። ቆፈረ። ክንድ ያህል ሲወርድ ከሰል መጣ። ከከሰሉ መሐል ሦስት ሳንቲሞች፣ ትናንት የተቀበሩ ይመስል ነጭ ሆነው ወጡ።

መሪጌታ ተንበርክከው አዩ። «አፈሩ ያልተነካ ነው» አሉ።

ዓምደ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «ደብተሩ ታትሟል። ማስማልም አስምያለሁ። ሽማግሌውን ውሸታም ያደረጋቸው ግን ያንተ ማሽን ነው። ለለቀስተኛው ይህንንም ንገር እንጂ!»

ወንድምአገኝ ሳንቲሞቹን ከአፈሩ ጠርጎ በመዳፉ ያዘ።

«ለመሬቱ ይግባኝ አለ» አሉ መሪጌታ። «ስማቸውን ግን ዛሬውኑ አንሣው፤ ነገ ለቀስተኛው ይበተናል።»

የአባቱን ስም ለማንሣት የራሱን መጣል ነበረበት።

ወደ ድንኳኑ ገባ። የአባቱ ኮት ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ከኪሱ ማግኔቱን አውጥቶ ሳንቲሞቹን አስጠጋ። አንድ በአንድ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ተለጠፉ። ከፍ አድርጎ ለለቀስተኛው አሳየ።

«አባቴ አልዋሹም» አለ። «ብረት ነው ብለውኝ ነበር። መሣሪያው ብረት እንዳይሰማ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

መሐላው በላቸው ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ወይዘሮ ጌታነሽ ቀና አሉ። «ሰው ፊት፣ ‹ዳር ይቀመጡ› ያልካቸው ያኔ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ተነሡ። ማግኔቱን ከነሳንቲሞቹ ከእጁ ወሰዱ። የባላቸው ኮት ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ የኪሱን ቁልፍ ቆለፉ፤ ላዩን በመዳፋቸው ደባበሱት። ልጃቸውን ሳያዩ ተመልሰው ተቀመጡ።