ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ጎን

ኢልሀም የመሬት ቀያሽ ናት። ሰው ፊት ስትናገር ድምጿ ከጉሮሮዋ አይወጣም፤ ቁጥር ላይ ግን ማንንም አትፈራም። አለቃዋ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለውን አሮጌ መካነ መቃብር ለክተሽ ካርታ ሥሪ ሲላት ደስ ያላትም ለዚህ ነው። እናቷ «የሙስሊም ልጅ የክርስቲያን መቃብር ውስጥ ምን ትሠራለች?» ብትላት፣ «እማ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ነው፤ አንዱም አያናግረኝም» ብላ አጽናናቻት።

አልሆነም። በመጀመሪያው ቀን መሣሪያውን ዘንግ ላይ አስራ ታብሌቷን ገና ከመክፈቷ፣

«ምን ልታጠምጂ ነው ልጄ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

ዞር ስትል አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ከአንድ መቃብር ጎን በተሠራች የሲሚንቶ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ትከሻቸው ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል።

«መቃብሮቹን እየለካሁ ነው» አለች፣ ለጫማዋ የምትናገር ይመስል።

«በምን?»

«በሳተላይት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሰማዩን አዩና «ከዚያ ሆኖ የወገብ ልክ ይገኛል?» አሉ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ይባላሉ። አርባ አምስት ዓመት ፒያሳ ላይ ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ኮት ሲያሰፉ ኖረዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ጋሽ ወልደገብርኤል ከከተማው ዳር፣ ስሙን ገና አጥንተው ካልጨረሱት ኮንዶሚኒየም፣ በየማለዳው ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። መደቧ ላይ ተቀምጠው ለሚስታቸው ወሬ ይነግራሉ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ዘይት ስንት እንደገባ። ኢልሀም ሥራዋን እየሠራች ሳትፈልግ ሁሉንም ሰማች። የዘይቱ ነገር እሷንም አሳስቧት ነበር።

«ይኸውልሽ» አሉ በመጨረሻ፣ በሚስታቸው መቃብርና በጎረቤቱ መካከል ያለችውን ባዶ መሬት በከዘራቸው እየነኩ፤ «ይቺ የኔ ናት። ከፒያሳ የቀረችኝ መሬት ይቺው ናት። ካርታሽ ላይ አሳምረሽ አስገቢልኝ።»

ኢልሀም ዘንጉን ወዲህና ወዲያ ተከለች። ታብሌቱን አየች። ደግማ ለካች። ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ ሃምሳ አራት ሳንቲ ሜትር ነው።»

«እና?»

«ከሰማንያ የጠበበ ክፍተት መተላለፊያ ተብሎ ይመዘገባል። ጠጠር ይፈስበታል። ከዚያ በኋላ ማንም አይቀበርበትም። ካርታውን የማስረክበው አርብ ነው።»

ያን ቀን ማክሰኞ ነበር።

ጋሽ ወልደገብርኤል ሜትራቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ተንበርክከው ለኩ። ሃምሳ አራት። ሳተላይቱና ሜትራቸው አንድ ላይ አደሙባቸው።

«በጎኔ እተኛለሁ» አሉ።

«መመሪያው ስለ አተኛኘት አይልም ጋሼ።»

«ሲቀብሯት በዚሁ ሜትር ለክቼ ነው አንድ ሜትር ሙሉ ያስቀረሁት! መሬት ይሸሻል እንዴ?» ከዚያ ዓይናቸው ጎረቤቱ ላይ አረፈ። ከዘራቸውም ተከተለ። «ይሄ! ይሄ ሰውዬ ነው የገፋኝ!»

ሰውዬው አቶ ሐድጉ ናቸው፤ ከሞቱ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል። መቃብራቸው ባለ ወርቃማ ጠርዝ ሴራሚክ ለብሶ እንደ ሆቴል መግቢያ ያብለጨልጫል። ኢልሀም ጠጋ ብላ አየችው። አንዱ ማዕዘን ተሸርፏል። በተሸረፈው ላይ ከወርቃማው ሥር ቡናማ፣ ከቡናማው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ ይታያል። ሁሉም በሲሚንቶ ተጣብቆ እንደ ንብርብር ኬክ ሆኗል። ቆጠረች። ከታችኛው ነጭ በላይ ዘጠኝ።

ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለውን የምታምን ልጅ ነበረች። ቢሆንም ዘበኛውን ጠይቃ ለሟቹ ልጅ ስልክ አስደወለች።

ፍትዊ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ሴራሚክ ይሸጣል፤ ወሬውም እንደ ዕቃው ያንሸራትታል።

«ሰላም ኢንጂነር! ሰላም ጋሼ! ምን ተፈጠረ? ፋዘር ተነሣ እንዴ?»

«አልተነሣም፤ ወፈረ!» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። «መሬቴን በልቶ ወፈረ!»

ኢልሀም ሽርፋቱን በጣቷ አሳየችው። ፍትዊ አላፈረም፤ እንዲያውም ደረቱን ነፋ።

«በየሙት ዓመቱ አዲስ ሞዴል አለብሰዋለሁ። የሴራሚክ ነጋዴ አባት ባለፈው ዓመት ሞዴል ይተኛ? ሼም ነው እኮ።»

«አሮጌውን አያነሡም?» አለች ኢልሀም።

«የአባቴን ልብስ ላውልቅ? አቦ ኢንጂነር፣ እንደዚህማ አይባልም። ላዩ ላይ ነው የምደርብለት።»

«እኔ ኮት ላይ ኮት ስደርብ አይተኸኛል?» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። «ሌባ! የሞተ ሰው ተገን አድርገህ መሬት ትሰርቃለህ! ልጄ፣ ጻፊው! ስሙን ጻፊው!»

ዘበኛው የመቃብሩን አሮጌ መዝገብ ተሸክሞ መጣ። ኢልሀም ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አነበበች፣ ታብሌቷን አየች፣ ደመረች፣ ቀነሰች። ሁለቱ ሰዎች እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ አፏን ያያሉ። ውጤቱን ስታገኘው መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ ቦታው ደግሞ ለዚያ የተመቸ ነበር።

«አቶ ሐድጉ ሲቀበሩ ስፋታቸው ዘጠና ነበር። አሁን መቶ አሥራ ስምንት ሆነዋል። በዚህ በኩል አሥራ አራት ወስደዋል።»

«ሰማህ?» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል።

«የጠፋው ግን አርባ ስድስት ነው» አለች ኢልሀም። «ሠላሳ ሁለት ይቀራል።»

«ይኸው! ሠላሳ ሁለቱንስ የት ነው የደበቀው?»

ኢልሀም መዝገቡን ከደነች። ቁጥር አይዋሽም፤ ሽማግሌ ፊት ግን እንዴት ይባላል?

«ተናገሪ እንጂ ልጄ! ማን ነው የወሰደው?»

«ጋሼ...» አለች በስተመጨረሻ፣ «ተቀምጠውበታል።»

ጋሽ ወልደገብርኤል እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አሉ። ዞረው መደቧን አዩ። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ድንጋይ ነበረች። ጉልበታቸው ሲደክም በሲሚንቶ አስረዘሟት። በየክረምቱ ትሰነጠቃለች፤ በየመስከረሙ ይለስኗታል፤ በለሰኗት ቁጥር ለመቀመጫ ይመቸኝ ብለው ትንሽ ትንሽ ያሰፏታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የገዛ መቃብራቸውን በቂጣቸው ሲወሩ ኖረዋል።

ፍትዊ ሳቁ አመለጠው። «ጋሼ! ሌባው ተገኘ!»

ሽማግሌው ግን አልሰሙትም፤ ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። የፍትዊ ሳቅ መሐል መንገድ ላይ ቀረ።

«መደቧን ሙሉ በሙሉ ካፈረስናት ሰማንያ ስድስት ይሆናል» አለች ኢልሀም በቀስታ። «ይበቃል።»

«ይበቃል» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። «እስክሞት ድረስስ? ይሄ ጉልበት አምስት ደቂቃ አያቆመኝም። ስሞት አጠገቧ ልተኛ ብዬ በሕይወቴ ልራቃት? ወይስ አሁን ልቀመጥና ኋላ ሌላ ሰፈር ልቀበር? የቱን ትመርጪልኛለሽ?»

ይህ ጥያቄ በታብሌቱ ውስጥ አልነበረም። ኢልሀም መሬት ላይ በእንጨት ቁጥር መጻፍ ጀመረች። ከዚያ በሕይወቷ ያላወጣችውን ያህል ድምፅ አውጥታ፣

«አቶ ፍትዊ!» አለች። ዘበኛው ደንግጦ ቆቡን አስተካከለ። «የርስዎ አሥራ አራት ከተነሣ፣ ከመደቧ የሚፈርሰው አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ልክ ሰማንያ ይሞላል። መቀመጫው ሃያ ሆኖ ይቀራል።»

«ዘጠኝ ሞዴል? አይነፋም! ኢምፖርት እኮ ነው!»

«በዚህ ከቀጠሉ አባትዎ አስፋልት ላይ መውጣታቸው አይቀርም። ከሥር ያለው የመጀመሪያው ነጭ ይቀርልዎታል።»

«ነጩ አለ?» ፍትዊ ወደ ሽርፋቱ ጎንበስ አለ። ድምፁ ተለወጠ። «ነጩን የመረጠችው እናቴ ናት። በየሙት ዓመቱ ሳመጣት ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? ‹የማን መቃብር ላይ ነው ያመጣኸኝ? ሐድጉ ነጭ ነበር› ብላ ከበር ትመለሳለች። እኔ እርጅና ነው እል ነበር።»

ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መሮና መዶሻ ጮኸ። ፍትዊ እያንዳንዱን ንብርብር ሲያነሣ ዋጋውን ይጠራል፤ ያማርራል፤ የላዩን ወርቃማ ሲመታ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጋሽ ወልደገብርኤል በልብስ ሰፊ ጠመኔ መደቧ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩና በዚያው ላይ እያንዳንዷን ምት ቆጥረው መቱ። «እንዲህ ነው ልጄ፤ ጨርቅም ሲሚንቶም ከመስመር ከወጣ አይመለስም» ይሏታል ለኢልሀም። አመሻሹ ላይ የአቶ ሐድጉ ነጭ ሴራሚክ ወጣ። ተራ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነበር። ፍትዊ በመሐረቡ ጠረገውና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው።

ጋሽ ወልደገብርኤል በተረፈችው ሃያ ሳንቲ ሜትር ላይ በጥንቃቄ ተቀመጡ። ወደ ቀኝ ሞከሩ። ወደ ግራ ሞከሩ።

«ያዘችኝ» አሉ። «ተናኜ፣ ይኸው ያዘችኝ።» እግራቸውን በተከፈተው መሬት ላይ ዘረጉ፤ ጎረቤቱን ሳይነካ ተዘረጋላቸው።

ኢልሀም ዘንጉን ይዛ ቆመች። የመጨረሻውን ነጥብ ሳትወስድ ካርታው አይዘጋም፤ ነጥቡ ደግሞ ልክ ተረከዛቸው ሥር ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እግርዎን ያንሡልኝ።»

«ከገዛ መሬቴ?» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ኮራ ብለው። «ምንስ ቸገረኝ፤ ለዛሬ አነሣለሁ።»

እግራቸውን ከፍ አደረጉላት።