የአንገት ብረቱ ቁልፍ

ሽታው ከመኪናው ቀድሞ ደረሰ። ኢሽቤል ጌዲስ ለጎብኚዎቿ የገበያውን መስቀል ታሪክ እየተረከች ሳለ፣ ከወደቡ በኩል የሰነበተ የዓሣ አንጀት ሽታ መጥቶ ጉሮሮዋ ላይ ተለጠፈ። ከአውቶቡስ የወረዱት ሰዎች አፍንጫቸውን ያዙ። ከጠዋት ጀምሮ ብስኩት ሲቆረጥም የነበረው ባለ ቀይ ካፖርቱ ሰውዬ እንኳ ማላመጡን አቆመ።

"ምን ሞቶ ነው?" አለ።

"የሞተስ የለም። ሙሽራ ሊያጠቁሩ ነው" አለች ኢሽቤል እየሳቀች። "ዕድለኞች ናችሁ፤ ስንቱ ይህን ሳያይ ተመልሷል።"

ሥራዋ ፒትካርሊን ማስጎብኘት ነው። ከተማዋ ያላት እንግዲህ ይኸው ነው፦ አደባባዩ መሐል የቆመው የድንጋይ ዓምድ፣ ማለትም የገበያው መስቀል፤ ፊት ለፊቱ ሰዓቱ ከቆመ የሰነበተ አሮጌ የቀረጥ ቤት፤ የቀረጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የአንገት ብረት። መስቀሉ አናት ላይ ያለው ከድንጋይ የተጠረበ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ቀንድ የለውም። ከጦርነት የተመለሱ ጎረምሶች ሰክረው ሲወጡበት ሰበሩት፤ ዛሬ የከተማው ሰው ሁሉ "የሰበረው የኔ አያት ነው" ይላል። ኢሽቤል ይህን ስትናገር እንግዶች ይስቃሉ። የአንገት ብረቱ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ የበለጠ ይስቃሉ። በድሮ ዘመን ምላሷ የረዘመ ሴት እዚያ ብረት ውስጥ ተቆልፋ ትውልና አላፊ አግዳሚው የዓሣ አንጀት ይወረውርባት ነበር። ኢሽቤል ይህን ከተረከች በኋላ ከእንግዶቹ የአንዱን አንገት አስገብታ ትቆልፋለች፤ ፎቶ ይነሳል፤ "እስክትዘፍን አልከፍትህም" ትለዋለች። ቁልፉ ሁልጊዜ በክር አንገቷ ላይ ነው።

የድስት ክዳን ሲደበደብ ተሰማ። ፒክአፑ ዳገቱን ጨርሶ አደባባዩ ውስጥ ገባ። ከኋላ የዓሣ ፋብሪካው ሴቶች ቢጫ ቱታ ለብሰው ይጮኻሉ፤ መሐላቸው፣ ሁለት በርሜሎች መካከል፣ እጇን የታሰረች ልጅ ተቀምጣለች። የኢሽቤል ልጅ ሞርቬን ናት።

ኢሽቤል አልደነገጠችም። በፒትካርሊ ሴት ልጅ በሰርጓ ሳምንት ተይዛ በጥላሸትና በቆሻሻ ካልጠቆረች፣ ወዳጅ ዘመድ የሌላት ያህል ይታዘንላታል። ደግሞም ሙሽራ ሁሉ "እንዳትነኩኝ" ይላል፤ ሰው ሁሉ "እሺ" ብሎ በርሜሉን ይሞላል። እምቢታው ራሱ የወጉ ክፍል ነው። ሞርቬንም እሑድ ዕለት ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ "እማ፣ እኔ አልፈልግም" ብላ ነበር። "ከትምህርት ቤት ወጥቼ ፋብሪካው ከገባሁ ጀምሮ የዓሣ ሽታ ከቆዳዬ ሳጥብ ነው የኖርኩት። ለሰርጌ እንኳ ንጹሕ ልሁን። ሲያሴሩ ከሰማሽ ንገሪኝ።" ኢሽቤል "ይሁን፣ ይሁን" ብላ ዳቦ አቀበለቻት። ዛሬ ጠዋት ግን የሟች ባሏ እህት ሮና ደውላ "ልጂቱ የት ናት?" ስትላት፣ እየሳቀች "ፀጉር ቤት" አለቻት። ካፍ የወጣ አፋፍ።

"ኑ፣ ሙሽራችንን አልብሱልን!" ብላ ጮኸች ሮና፣ ሞርቬንን እየጎተተች ስታወርድ። የልጅቷ አንድ ጫማ ወልቆ መንገዱ ላይ ቀረ። ከዓምዱ ጋር በመርከብ ገመድ ጠፈሯት። መጀመሪያ ጥቁር የስኳር ዝቃጭ፣ ሞላሰስ፣ ከአናቷ ላይ ተደፋ፤ ከዚያ የኮመጠጠ የአጃ ገንፎ፣ የገማ እንቁላል፣ ጥላሸት፣ ላባ። ጠዋት ፀጉር ቤት የተሰካላት ትንንሽ ነጭ ዶቃ በጥቁሩ ውስጥ ብቅ ብሎ ይታያል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆሙ ሰዎች ሥጋ የተሞላ ዳቧቸውን እየገመጡ ያጨበጭባሉ። ያ ሁሉ ግማት እያለ እንዴት ምግብ ይወርድላቸዋል? ይወርድላቸዋል፤ ለምደውታል።

ኢሽቤል የሚመጣውን ጠበቀች። ሙሽራ ትሳደባለች፣ ትራገጣለች፣ መሐል ላይ ደግሞ ሳቋ ያመልጣታል፤ ያኔ ሁሉም ይቀልለዋል። ሞርቬን አልተሳደበችም። አፏን ገጥማ፣ በዚያ ዝቃጭ ውስጥ ዓይኗን ብቻ ከፍታ፣ እናቷን ታያለች።

"ሮና፣ በቃ" አለች ኢሽቤል።

"ምኑ በቃ? ዋናው አንጀት መቼ ተነካና!"

"ልጅቷ እኮ አልሳቀችም።"

"አንቺስ መቼ ሳቅሽ? እዚችው ድንጋይ ላይ እንደ ጥጃ ስትጮሂ አልነበር? በማግስቱ ነው የሳቅሽው። እሷም ነገ ትስቃለች። እጮኛዋ ፍሬዘርም ከባሕር ሲመለስ አጥቦ ይወስዳታል፤ አንቺን ወንድሜ እንዳጠበሽ።"

ኢሽቤል ያን ቀን ስቄ ነበር እያለች ነው ለሰው ስታወራ የኖረችው። አሁን የዚያን እንቁላል ጣዕም ምላሷ ላይ አገኘችው። ያን ሁሉ ዓመት የትም አልሄደም።

ባለ ቀይ ካፖርቱ ብስኩቱን ለሚስቱ አስይዞ ተጠጋ። "እኛም መወርወር ይፈቀድልናል?"

"ለምን አይፈቀድ! እንግዳ ይቅደም!" አለች ሮና፣ የአንጀቱን ባልዲ እያቀረበች።

ሰውዬው እጅጌውን ጠቀለለ። ሽታው እንዳያገኘው ፊቱን አዙሮ አንድ እፍኝ ዘገነና ወረወረ። አንዱ የዓሣ አንጀት ሞርቬን ከንፈር ላይ ተጣብቆ ቀረ። እጇ ታስሯል፤ መጥረግ አትችልም። ሚስትየው ፎቶ አነሳች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ኢሽቤልን ቀፈፋት። ሰውዬው ቀፈፋት፣ ሮና ቀፈፈቻት፣ ዳቦ የሚገምጡት የገዛ ጎረቤቶቿ ቀፈፏት። ከሁሉ በላይ የገዛ አፏ አስጠላት። በዚሁ አፍ ነው ስለዚያች ስለ ድሮዋ ሴት እየሳቀች ስትተርክ የኖረችው፤ በዚሁ አፍ ነው ጠዋት "ፀጉር ቤት" ያለችው።

እንግዶቿን ትታ ወደ ዓምዱ ወጣች። የዓምዱ ደረጃ በእንቁላልና በሞላሰስ ተለውሶ ያንሸራትታል።

"የሙሽራ እናት አትፈታም!" ብላ ጮኸች ሮና። "ነውር ነው!"

"ነውሩንስ አየሁት።"

"ኧረ ጨዋታውን አታበላሺብን!" አለ አንዱ ከዳቦ ቤቱ በር።

ቋጠሮው የዓሣ አጥማጅ ቋጠሮ ነው፤ ረጥቦ ጠብቋል። ኢሽቤል ጥፍሯ እስኪሰበር ታገለችው።

"የት እንዳለሁ ማን ነገራቸው?" አለች ሞርቬን፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ።

ፀጉር ሠሪዋ ናት ማለት ይቻል ነበር። ለወሬ የማታርፍ ሴት ናትና ማንም ያምናል።

"እኔ ነኝ" አለች ኢሽቤል።

"አልፈልግም ብዬሽ ነበር እኮ።"

"ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል ብዬ ነው።"

"እኔ ላንቺ ሰው ሁሉ ነኝ?"

ገመዱ ወደቀ። ኢሽቤል የአንገት ልብሷን አውልቃ ፊቷን ልትጠርግላት እጇን ዘረጋች። ሞርቬን ፊቷን አሸሸች።

"አትንኪኝ!"

በገዛ መዳፏ አንጀቱን ከከንፈሯ ላይ ጠርጋ ጣለችና በአንድ ጫማ ቁልቁል ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ሕዝቡ ልብሱን ላለማስነካት ወደ ኋላ እያለ መንገድ ለቀቀላት። መጀመሪያ ሳቁባት፤ እሷ ዞር ሳትል ስትቀር ሳቁም ቀዘቀዘ።

"ምን ሆነች?" አለች ሮና። "እኛ ስለምንወዳት አይደል እንዴ?" የእውነቷን ነበር።

ባለ ቀይ ካፖርቱ ግን እጁን በቀረጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጠረገና ከአንገት ብረቱ ሥር ቆመ። ያልተቆለፈውን ብረት ከፍቶ አንገቱን አስገባ።

"አሁን ደግሞ የኔ ተራ!" አለ እየሳቀ። "ቁልፉን አምጪያ! ፎቶ ቃል ገብተሽልን ነበር!"

ሚስቱ ስልኳን አዘጋጀች። ሌሎቹም ከበቡት። ኢሽቤል ክሩን ከአንገቷ አወለቀች። ሮና ጉብኝቱ ሊቀጥል ነው ብላ ባልዲዋን ለማንሳት ጎንበስ አለች። ኢሽቤል ቀድማት ደረሰችና ቁልፉን አንጀቱ ውስጥ ጣለችው። ወዲያው ሰመጠ።

"አንቺ ሴትዮ አብደሻል? የከተማው ቁልፍ እኮ ነው! ማን ሊያወጣው ነው?" አለች ሮና።

"የፈለገው እጁን ይክተት" አለች ኢሽቤል።

ሰውዬው አንገቱ ብረቱ ውስጥ እንዳለ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ። ኢሽቤል አላየችውም። መንገዱ ላይ የቀረውን የሞርቬንን ጫማ አነሳች፤ ውስጡ ገንፎ ሞልቷል። ገንፎውን በጣቷ ጠርጋ አወጣችና ጫማውን በአንገት ልብሷ አደረቀችው። ከዚያ ልጅቷን ተከተለች። ሞርቬን የእግሯን ኮቴ ሰምታ አልቆመችላትም፤ ተመለሺም አላለቻትም።