በጋሼ ስም

ማክሰኞ ጠዋት የልብስ እጥበት ቤቷን ልትከፍት ስትደርስ በሩ ተከፍቶ ጠበቃት። ውስጥ አንድ የማታውቀው ሰውዬ ተንበርክኮ፣ ማድረቂያ ማሽኑ የቆመበትን ግድግዳ በሜትር ይለካል። የምታጥብለትን ሆቴል አንሶላ የያዙትን ሦስት ከረጢቶች በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ጥግ አስይዟቸዋል። መጀመሪያ ደሟን ያፈላው ይሄ ነው። ታጥቦና ተተኩሶ ያደረ አንሶላ በጫማ ይገፋል እንዴ?

«ማን ነህ አንተ?» አለችው።

«አዲሱ ተከራይ ነኝ» አለ ሰውዬው፣ ሜትሩን ሳይለቅ። «ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ የስልክ መሸጫ አደርገዋለሁ። ቁልፉን የሰጡኝ ባለቤቱ ናቸው። እርስዎ እዚህ ተቀጥረው ነው?»

ተቀጥረው! ስምንት ዓመት ሙሉ በእንፋሎት የተቀቀለችበትን ቤት! ሰፈሩ «ካውያዋ» ይላታል፤ አንድም ስለምትተኩስ፣ አንድም ስለምትፋጅ። በዚያን ጠዋት ግን ካውያዋ ቀዘቀዘች። «ባለቤቱ» የተባለው ማን እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደዚህ አገር ስትመጣ የንግድ ፈቃድ ማውጣት አትችልም ነበር፤ ሕጉ አይፈቅድላትም። የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምትለው፣ ከእነሱ ሃያ ዓመት ቀድሞ የመጣ የመኖሪያ ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ነው። ፈቃዱም የቤት ኪራይ ውሉም በእሱ ስም ወጣ። እዚህ አገር የመጣ የአገሯ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ የአንዱ መኪና በአክስቱ ልጅ ስም ነው፣ የሌላው ሱቅ በአማቹ ስም። ዘመድ ከዘመድ ጋር ደግሞ ውል አይጻጻፍም። ነውር ነዋ!

ከሦስት ዓመት በፊት የእሷም የመኖሪያ ወረቀት ተስተካከለ። ያኔውኑ ፈቃዱን ወደ ራሷ ስም ማዛወር ነበረባት። አንድ ቀን አፏን ሞልታ «ጋሼን ወረቀቱን ያዛውሩልኝ ብላቸውስ?» ብትል፣ ባሏ «ወንድሜን ሌባ ልታደርጊው ነው?» አላት። አፈረች። ልብ በሉ፣ የገዛ ቤቷን መጠየቅ ያሳፈራት እሷን ነው! ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ጨዋ ሰው እርቃኑን እንዳስቀረ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም።

ለመሆኑ ጋሼ ለዚያ ቤት ምን አደረገ? በሁለተኛው ዓመት ከላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ አርባ የሰው ካፖርት ሲበላሽ፣ በየደንበኛው በር እየዞረች ይቅርታ የለመነች እሷ ናት። በአራተኛው ዓመት ማድረቂያው ሲቃጠል፣ የሆቴሉን አንሶላ እየተሸከመች ጣራ ላይ አስጥታ፣ ዝናብ ሲመጣ እየሮጠች ሰብስባ፣ ሦስት ሳምንት በእጅ ካውያ የተኮሰች እሷ ናት። በስድስተኛው ዓመት ሆቴሉ ሥራውን ለሌላ ሲሰጥባት፣ ራሷ የተኮሰቻቸውን የትራስ ልብሶች በወረቀት ጠቅልላ «አወዳድሩን» ብላ የአልጋ ክፍል ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችም እሷው። በሳምንቱ ሥራው ተመለሰላት። ጋሼ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሱፉን ሊያስተኩስ ብቅ ይላል፤ በነጻ። እሷ አንቱ ትለዋለች። እኔ ግን ይቅርታ አድርጉልኝና አንተ እንጂ ሌላ አይወጣኝም።

ደወለችለት።

«ተረጋጊ እንጂ የኔ ልጅ» አላት። «የግብሩም የመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ በእኔ ስም እየመጣ ናላዬን አዞረው። ስልክ ቤቱን የሚከፍተው የባለቤቴ ዘመድ ነው፣ ባዳ አይደለም። አንቺም በጣም ደከምሽ፤ እስቲ ቤትሽ አረፍ ብለሽ ልጆችሽን አሳድጊ።»

«ጋሼ፣ ቤቱኮ የእኔ ነው!»

«ወረቀቱ እንደዚያ አይልም» አለ፤ ሳያፍር፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

እሁድ ከሰዓት በጋሼ ሳሎን ሁለት የዘመድ ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ስለ ቤቱ የሚነጋገሩ መስሏት ነበር። እነሱ ግን የተቀመጡት ስለ ስልኩ ነው! ታላቅ ሰው ላይ ስልክ ይዘጋል ወይ? እኛ ቤት እንዲህ ተለምዶ ያውቃል ወይ? አንድ ሰዓት ሙሉ ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። ቆሽቷ አረረ። መጨረሻ ላይ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በይ፣ ይቅርታ ጠይቂያቸውና ነገሩ ይብረድ» አሏት።

ብድግ አለች። «ስልኩን ስለዘጋሁብዎት ይቅርታ፣ ጋሼ። አሁን ደግሞ እርስዎ ስለ ቤቴ ይቅርታ ይጠይቁኝ።»

ጋሼ መነጽሩን አወለቀና «ማሽኖቹን ትውሰድ» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ። «እኔ የሰው ንብረት አልፈልግም።»

«አየሽ ደግነታቸውን!» አሉ ሽማግሌው።

ባሏን አየችው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኖ ከተማውን የሚያካልለው ሹፌር፣ ወንድሙ ፊት የምንጣፉን ክር ይነቅላል። «እስቲ ለዛሬ እንተወው» ነው ያለው። ለዛሬ! በእሷ በኩል ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ፍርድ ቤት እንዳትሄድ የምታሳየው ወረቀት የላትም። ሰኞ ማሽኖቹን አስጫነች። ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ጎማ መጠገኛ የነበረ መጋዘን አገኘች፤ ወለሉ በዘይት ጠቁሮ ጫማ ይይዛል። ሁለት ቀን በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በፈላ ውሃና በሳሙና ፈተገችው። ብሩሹን ስትገፋ ጋሼንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ ስልክ ሻጩንም ትራገም ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን ያን ቀን ያፈረችውን ራሷን። እሮብ ማታ የሲሚንቶው ቀለም ብቅ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሆቴሉ ሄደች። የሆቴሉ ውልም በጋሼ ፈቃድ ስለነበር ከቤቱ ጋር አብሮ ወድቋል።

«ማን እንደሚተኩስልን መቼ ጠፋኝ?» አለቻት የአልጋ ክፍል ኃላፊዋ። «ግን አለቆቼ ያለ ፈቃድ አይሰሙኝም። እስከ ነገ ማታ ፈቃድ ይዘሽ ከመጣሽ ሥራው ያንቺው ነው። ካለፈ ለሌላ ይሰጡታል።»

የዚያኑ ዕለት ንግድ ፈቃድ ቢሮ ባሏም መጣ። ከእሁድ ወዲህ ቤት ውስጥ እግሩን አንስቶ የሚራመደው እየፈራ ነው። ፈረቃውን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ሰነዶቹን በፕላስቲክ አቃፊ ሰድሮ፣ ከጎኗ ተሰለፈ። ወረፋው ሲደርስ ጸሐፊዋ ቅጹን በመስኮቱ አሳለፈችላቸውና ፈቃዱ በማን ስም እንደሚወጣ ጠየቀች።

«በእሷ ከሆነ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ባሏ።

ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አየች። «የእሷ ሰነድ ገና ይመረመራል። አሥር የሥራ ቀን። የእርስዎ ግን ለሹፌርነቱ አስቀድሞ ተጣርቶ ያለቀ ስለሆነ ዛሬውኑ ይወጣል።»

ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለ። «በእኔ ስም ይሁን። ሆቴሉ እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም፤ ልጆቼን!» እውነቱን ነበር፤ ተንኮል የለበትም። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። «ደግሞስ እኔና አንቺ ምን ልዩነት አለን?»

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሳል ሳል አደረገ። ስለ ሆቴሉ አሰበች፤ ስለ ስድሳ አልጋዎቹ፣ ነገ ማታ ለሌላ ስለሚሰጠው አንሶላ። ሆቴሉ የአዲሱ ቤት እንጀራ ነው፤ ያለ እሱ ከየጎረቤቱ ሸሚዝ እየለቀመች ከዜሮ ልትጀምር ነው። አሥር ቀን።

«ልዩነት ከሌለንማ» አለችው፣ «በእኔ ስም ይሁን።»

እስክሪብቶውን ከባሏ ጣቶች መሃል ወስዳ ቅጹን ሞላችና ፈረመች።