ከአልጋ ሳይወርዱ የሚደረግ ካልሲ

«እግሬን መሬት አላስነካም አልኩ፤ አላስነካም» አለች ጸጉር ሠሪዋ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቷ ስባ። ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ልጇ በሩ ላይ ቆማ አክስቷን አየቻት። አክስትየው የሟቹ እህት ናት፤ ሐዘን ቤት ከገባች ጀምሮ በሹክሹክታ የማትለው የለም። አሁንም ሐዘኑ ጉልበቷን ሰብሮታል፣ ሰው ጠርታችሁ ደግፋችሁ አንሷት አለች። ሳሎን የተቀመጡት ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሴትዮዋን ያስተኛት ግን ሐዘኑ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ቆማ የሰው ጸጉር ስትሠራ የእግሯ ደም ሥሮች ደክመዋል። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ወጥቶባት የነበረው ቁስል ለመዳን ሁለት ዓመት ፈጅቷል፤ ያውም ሐኪም ባዘዘላት ጠባብ ካልሲ። ካልሲው ደግሞ እግር ሳያብጥ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ነው የሚደረገው። ሁለቱን ቀን በግርግሩ መሃል ያለ ካልሲው ዋለች። ትናንት አመሻሽ ላይ የዳነው ቦታ ቆዳው ተወጥሮ ሲያብለጨልጭ አይታ ደነገጠች።

ለሰው መናገር የከበዳት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ካልሲውን ያደረገላት ሟቹ ባሏ ስለነበር ነው። አናጢው። በየማለዳው ከአልጋው ግርጌ ይንበረከክና ቁምሳጥን መግጠም ከዚህ እግር ይቀላል እያለ ያጉረመርማል። መጀመሪያ ሰሞን፣ ይሄን ያህል ከጠበቀ ደሜን አያቆመውም ወይ ብላ ስትጨነቅ፣ ስለ እንጨት እንደሚያስረዳ ሁሉ ረጋ ብሎ፣ ታች ይጠብቃል፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል፣ መውጣት የሰነፈውን ደም ይገፋልሻል አላት። ሽብሽብ ካየ አውልቆ እንደገና ይጀምራል፤ እጥፋት ቆዳ ይበላል ባይ ነው።

«እማዬ፣ ትንሽ ተነሺና ሰው ይይሽ» አለች ልጅቷ እየተለማመጠች።

«እነሳለሁ። መጀመሪያ ካልሲዬን አድርጊልኝ። አባትሽ ነበር የሚያደርግልኝ።»

ልጅቷ አታውቅም ነበር። ወደ አልጋው ቀረበች። አክስትየው ግን አላስቻላትም፤ በሐዘን ላይ ደግሞ እግሯን ጠፍራችሁ ልትጨርሷት ነው ወይ አለች።

«የሚጎዳኝስ ያለ እሱ መዋሌ ነው፣ እትዬ። ወንድምሽ ያዳነውን እግር ሳሎን ተጎልቼ አላበላሸውም።»

አክስትየው መጋረጃውን ማስተካከል ያዘች።

ልጅቷ ከመሳቢያው ካልሲውን፣ ከሥሩም እንዳያሟልጭ አባቷ ያጠልቀው የነበረውን የጎማ ጓንት አውጥታ ጓንቱን አጠለቀች። ተረከዙ ላይ ሁለቴ እምቢ አላት። አትጎትቺው፣ በመዳፍሽ ወደ ላይ ግፊው እያለች እናቷ መራቻት። በሦስተኛው ገባ። ሌላውም እግር ተከተለ።

ልጅቷ ልታስነሳት እጇን ዘረጋች። ጓንቱ ሰፍቷት የጣቶቹ ጫፍ ባዶውን ቀርቷል። ሴትዮዋ አንዱን ባዶ ጫፍ ያዝ አደረገችና፣ ሳሎን የሚጠብቃትን ሰው ትንሽ አስጠበቀች።