ሰፌድ የምትከተለው

ረህማ ማርገዟን ከራሷ ከረህማ በፊት ያወቀችው ዓሣዋ ናት። ይህን ለዲላ ሰው ብትነግሩት ይስቅባችኋል፤ ረህማም ብትሆን ሌላ ሰው ቢያወራላት ኖሮ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች።

ዓሣዋ ስቲንግሬይ የሚሏት ዓይነት ናት። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የተበተነባት፣ ረጅም ጅራቷ ላይ መርዛም እሾህ ያላት የወንዝ ዓሣ። የረህማ ባል ዘይኑዲን የጭነት መኪናዎች አሉት፤ ከኮንጋና ከባንኮ ጎቲቲ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። አንድ ጊዜ ሲመለስ፣ ሰው ለሚስቱ ሽቶ ወይም ጫማ ይዞ በሚመጣበት መንገድ፣ እሱ ይህችን ዓሣ በውሃና በአየር በተነፋ ፌስታል ይዞ መጣ። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ፣ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ የሚሞላ የመስታወት አኳሪየም ደግሞ መኪናው ላይ ጭኗል። ከውጭ ያስመጣት ወዳጁ አገር ሊለቅ ሲል የሰጠው ናት። "ለዓይን እኮ ደስ ትላለች" አለ፤ አለና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ደስታው ለእሱ፣ ሥራው ለረህማ ሆነ። እናቱ እማማ ሸምሲያ ዓሣዋን አንዴ አይተው "ሰፌድ" አሏት፤ ስሟ በዚያው ጸና።

ሰፌድን ማኖር እንዲህ በዋዛ የሚሆን አይደለም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የመጣ ቀን ደግሞ የጀርም መግደያ መድኃኒቱ ይሸታል። ስለዚህ ረህማ ውሃውን በርሜል ውስጥ ክፍት አድርጋ ታሳድረዋለች፤ መድኃኒቱ ሲተን ከአሮጌው ውሃ ጥቂቱን እየቀዳች በአዲሱ ትተካለች። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውና ማጣሪያው ይቆማሉ፤ ያኔ በባትሪ የሚሠራውን የአየር መንፊያ ታስነሳለች። ምግቧ ከአባያ የሚመጣ ዓሣ ተከትፎ፣ ወይም ከጓሮው እንሰት ሥር የሚቆፈር ትል ነው። የተረፈውን ወዲያው ማውጣት አለባት፤ አለዚያ ውሃው ይመረዛል። እጇን ከማስገባቷ በፊት ደግሞ ጅራቷ የት እንዳለ ታያለች። ረህማ ይህን ሁሉ ያለ ፍቅር፣ ግን በሥርዓት ትሠራው ነበር። ሰፌድም ውለታ የምታውቅ አልነበረችም። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ለብሳ፣ ሁለት ዓይኗን ብቻ አውጥታ ትተኛለች፤ ምግብ ሲመጣ ትነሳለች፣ በልታ ትመለሳለች።

አንድ ማለዳ ግን ረህማ መስታወቱን እየወለወለች ሳለ ሰፌድ አሸዋዋን አራግፋ ተነሳች። እየተርገበገበች መጥታ ነጭ ሆዷን መስታወቱ ላይ ለጠፈች፤ ልክ በረህማ ሆድ ትክክል። የስቲንግሬይ ዓይን ከላይ ነው፤ ከሥር ግን አፏና የአፍንጫ ቀዳዳዎቿ ተደምረው የሰው ፊት ይመስላሉ፣ ያውም ፈገግ ያለ የሕፃን ፊት። ረህማ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች። ፊቱም ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። ወደ ቀኝ ሄደች፤ ተከተላት። ትል ጣለችላት፤ ትሉ በአጠገቧ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሰፌድ ዞር ብላም አላየችው። ረህማ ጨርቁን ጥላ ኩሽና ገባች።

ነገሩ የገባት ቆይቶ የወር አበባዋ ሲቀር ነው። ከሰፈሯ ርቃ፣ ማንም ከማያውቃት መድኃኒት ቤት መመርመሪያ ገዝታ አየች። አርግዛለች።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በዚያ ቤት ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ እርግዝና አይወራም፤ የሰው ዓይን ይፈራል። ረህማ ደግሞ ከማንም በላይ የምትፈራበት ምክንያት ነበራት። የመጀመሪያውን በደስታ ብዛት ለቤተ ዘመዱ ሁሉ አውጃ ነበር፤ ሆዷ ሳይገፋ ጨነገፈባት። ሁለተኛውን ለዘይኑዲን ብቻ ነገረችው፤ ዘይኑዲን ለእናቱ፣ እናቱ ለእህታቸው፣ እህታቸው ለሰርግ ቤት ሙሉ ሰው አደረሱት፤ እሱም ጨነገፈ። ሐኪሞቹ የሰጧትን ምክንያት በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፍስሳዋለች። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የተወራለት ልጅ አይቆይም። ይህኛው ግን ይቆያል። አፏን ከዘጋች ይቆያል።

የሐኪም ክትትሉንም በዚሁ ተወችው። በሆስፒታሉ የእናቶች ክፍል የዘይኑዲን የአክስት ልጅ ሀኒያ ነርስ ናት፤ ሀኒያ ካየቻት እማማ ሸምሲያ ጋ ለመድረስ አንድ ስልክ ይበቃል። ሰፊ ቀሚስና ሻርፕ ሆዷን ይሸፍኑላታል። ልጁ ደህና መሆኑን ደግሞ በየማለዳው የምትነግራት አለች። ረህማ ቁርስ ሳትቀምስ መስታወቱ ፊት ትቆማለች፤ ሰፌድ አሸዋዋን አራግፋ ትነሳና ያንን የሚስቅ ፊቷን ሆዷ ትክክል ታሳርፋለች። አንዳንዴ ከሆዷ ግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትመላለሳለች፤ ረህማ ልጁ እየተገላበጠ ነው ብላ ትስቃለች። ያስፈራት የነበረው ነገር ቀስ በቀስ የልቧ ማረፊያ ሆነ። ዓሣዋን ወደደቻት።

"አለ?" ትላታለች በሹክሹክታ።

ሰፌድ ክንፏን ታርገበግባለች። አለ ማለት ነው፤ ረህማ እንዲህ ወስናለች።

እማማ ሸምሲያ ግን ዓይን አላቸው። አንድ ቀን ከሶፋው ላይ ሆነው ረህማን ከላይ እስከ ታች ቃኟት።

"አንቺ ልጅ፣ ይቺ ዓሣ ምንሽን አይታ ነው እንዲህ የምትከተልሽ?"

"የማበላት እኔ አይደለሁ፣ እማማ? ለምዳኝ ነው።"

"እኔም ትል ጥዬላት አውቃለሁ፤ ዞር ብላም አላየችኝ። ደግሞ ምን አግኝታ ነው የምትስቀው? አዑዙ ቢላህ! ከሥር የሚስቅ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?"

"ተፈጥሮዋ ነው እኮ።"

"ተፈጥሮዋ እዚያው ወንዟ ውስጥ ይሁንላት። ሰው እያየ የሚስቅ ነገር ሳሎን ውስጥ ደግ አይደለም" አሉና አሮጌ የሶፋ ልብስ አምጥተው የመስታወቱን ፊት ጋረዱት። ከዚያን ቀን ወዲህ ረህማ እሳቸው ለሶላት እስኪነሱ ትጠብቅና ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ልጇን ትጠይቃለች።

ሆዷ ከቀሚሱ ጋር መታገል በጀመረበት፣ ዝናቡም በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ጨርቁን ስትገልጥ ሰፌድ አልመጣችም። አሸዋውም ውስጥ የለችም። አኳሪየሙ ጥግ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው የጎን መስታወት ላይ ተለጥፋ አገኘቻት። ፊቷን ያዞረችው ማንም ወዳልቆመበት ወገን ነው።

ረህማ መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች። "ሰፌድ፣ እዚህ ነኝ።"

ሰፌድ ንቅንቅ አላለችም።

ውሃው ነው አለች ረህማ። ውሃው እንዲሆን አጥብቃ ፈለገች። የማሞቂያውን ሙቀት አየች፤ ደህና ነው። በርሜሉን አሸተተች፤ መድኃኒቱ ተንኗል። ቢሆንም ከአሮጌው ቀድታ በአዲሱ ተካች፤ ጎንበስ ቀና ስትል ትናንት የጀመራት የራስ ምታት ዓይኗን አጭበረበረባት። ሰፌድ ካለችበት አልተነሳችም። በመጨረሻ የተከተፈ ዓሣ ጣለችላት። ይኼኔ ሰፌድ ወረደች፤ እየተስገበገበች አንድም ሳታስቀር በላች፤ በልታም ወደዚያው ጥግ ተመለሰች። የታመመ እንዲህ አይበላም።

ረህማ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ልጁ መንፈራገጥ ከጀመረ ሰንብቷል፤ መጨረሻ የተሰማት ግን መቼ ነው? ትናንት? ከትናንት በስቲያ? ማስታወስ አቃታት። ብትናገር ልጁን በአፏ የምትገድለው መሰላት፤ ዝም ብትል ደግሞ በዝምታዋ። እንዲያ ቆማ ስታበቃ ወደ ሳሎኑ ዞረች፤ እማማ ሸምሲያ ሶላታቸውን ጨርሰው የዶቃ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ነበር።

"እማማ፣ አርግዣለሁ።"

የሙስበሃው ኮሽታ ቆመ። "ስንት ወርሽ ነው?"

"አምስት ሳይሆነኝ አይቀርም።"

"አምስት ወር!" አሉ እማማ ሸምሲያ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "አምስት ወር ሙሉ በአንድ ትሪ እየበላን? እኔ ጠላትሽ ነኝ ረህማ?" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ግን ፊቷን ልብ ብለው አዩ። "ዛሬ ምን ሆነሽ ነው የምትነግሪኝ?"

"ሰፌድ ዛሬ አልመጣችም።"

አማቷ ይስቁባታል፣ ወይም ይቆጧታል ብላ ነበር። እሳቸው ግን አኳሪየሙን አዩ፤ የተገለጠውን ጨርቅ አዩ፤ ጥጉ ላይ የተለጠፈችውን ዓሣ አዩ። ሻርፓቸውን ጠምጥመው ወጡና ከበሩ ላይ "ባጃጅ! ባጃጅ!" እያሉ ሰፈሩን አናጉት።

ሆስፒታል ሀኒያ እጇን ያዘችላት። ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አንሸራተተ፤ ስክሪኑን አየ፤ ደግሞ አንሸራተተ። ረህማ ዓይኗን ጨፈነች።

"መንታ ናቸው" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። "የአንዱ ልብ ቆሟል እህቴ፤ ከቆመም ብዙ አልሆነው። ሌላው በሕይወት አለ። የደም ግፊትሽ ግን በጣም ከፍ ብሏል፤ ዛሬ ባትመጪ አንቺንም የቀረውንም ልናጣችሁ እንችል ነበር።"

የቀረውን የልብ ምት በመሣሪያው አሰማት፤ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ረህማ አለቀሰች፤ ለየትኛው እንደምታለቅስ ግን አታውቅም ነበር። እማማ ሸምሲያ ግንባሯን እየደባበሱ "አልሐምዱሊላህ በይ፣ አንዱ ተርፎልሻል" ይላሉ፤ እያሉም እሳቸው ራሳቸው ያለቅሳሉ።

ግፊቷ በመድኃኒት ወርዶ ወደ ቤት ስትመለስ ከተኛችበት እንዳትነሳ ታዘዘች። ዘይኑዲን ጭነቱን ለሌላ ሹፌር ትቶ መጥቶ፣ በሠራው ሥራ የሚያፍር ሰው ይመስል አንገቱን ደፍቶ፣ ሳሎን ውስጥ አልጋ አነጠፈላት። ማጣሪያውን ሲያጥብ የመስታወቱን መጋረጃ አንስቶት ነበር። ከሰዓት በኋላ ለጉዳይ ሲወጣ እማማ ሸምሲያ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ረህማ በጎኗ ተኝታ ሰፌድን ታያለች።

ሰፌድ ከመስታወቱ ግርጌ፣ ከወለሉ ብዙ ከፍ ሳትል ተለጥፋለች። ከፊት ለፊቷ ማንም የለም። ከመስኮቱ ጫፍ ተነስታ ቀስ እያለች ወደ በሩ ጫፍ ተጓዘች፤ ቆመች፤ ጠበቀች። ከዚያ በአንዴ ተፈትልካ ተመለሰች። እንደገና ቆመች። የሆነ ነገር ሲሮጥ ትሮጣለች፤ ሲቆም ትቆማለች። ፊቷ ይስቃል።

"ከሄድሽ ጀምሮ እንዲህ ናት" አሉ እማማ ሸምሲያ፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳይሉ። "ባዶ ወለል ነው የምትከተለው። እኔ ቁርኣን አስነብቤባታለሁ፤ እሷ ወይ ፍንክች። ለዘይኑዲን ነግሬዋለሁ፣ ነገ ከዚህ ቤት ያወጣታል።"

ረህማ ያ ፊት የሚያርፍበትን ቦታ በዓይኗ ለካችው፤ ገና መቆም የለመደ ልጅ ቁመት ነው። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ዓይኗን ልታነሳ ግን አልቻለችም፤ አልፈለገችምም።

"አይሆንም እማማ። የትም አትሄድም።"

"ለምን?"

"እኔ እስክነሳ ያኛውን ልጄን ማን ያጫውትልኛል?"

እማማ ሸምሲያ ከሽንኩርቱ ቀና አሉ። ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። ሰፌድ በመስታወቱ ግርጌ እየተርገበገበች ወደ እሳቸው በኩል ስትመጣ፣ ምንጣፉ ላይ የዘረጉትን እግራቸውን ልጅ እንዲያልፍ ሰበሰቡ።