ፖስተኛው ቀንድ አውጣ

የቪዲዮ ጌሙ ሲጀመር ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ፖስተኛ ቀንድ አውጣ፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ረጅም መንገድ። አለቀ። አባትየው የስድስት ዓመት ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ "ይሄን የምሠራው ለአንቺ ነው፤ ሲያልቅ መጀመሪያ የምትጫወቺው አንቺ ነሽ" ብሎ ቃል የገባላት ያኔ ነው። ልጅቷ አሁን ዘጠኝ ሞልቷታል። ጌሙ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ቀንድ አውጣው ደብዳቤውን ማድረሱ ይቅርና፣ ደብዳቤው ራሱ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም።

ምን ሆነ? ኧረ ምን ያልሆነ አለ! ጌሙ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ አልዘጋ ያለ መስኮት። አለቃውን ሠራተኞቹ ከጀርባው "ቶሎ ቶሎ" ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን እንናገር። ብቻ ሰው ሲሮጥ ካየ፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ አብሮ የሚሮጥ ዓይነት ነው።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለ። አለቃው ገና በሩን ሳይዘጋ ወደ አባትየው ዞሮ፣ "እሺ፣ ልጅህ ምን እየተጫወተች ነው?" ይላል። ከአምስቱ ሠራተኞች ልጅ ያለው እሱ ብቻ ነዋ! አንድ ጊዜ ልጅቷ የጀመረችው የጭፈራ ጌም በወሩ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ አለቃው አየ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚጠናው በእሷ ነው።

አባትየውም ይናገራል። ምን ያድርግ፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። "ጭፈራ" ሲል ቀንድ አውጣው መጨፈር ጀመረ። እግር የለውም እኮ! "እርሻ" ሲል መንገዱ ታርሶ ጎመን በቀለበት። ባለፈው ወር ደግሞ "መቶ ሰው ተታኩሶ አንድ የሚተርፍበት" አለ፤ ለቀንድ አውጣው ጠመንጃ ታዘዘ።

የጌሙን ሥዕል የምትሠራው ሠዓሊ ብዕሯን አስቀመጠች። "አለቃ፣ በምኑ ይያዘው? እጅ የለውም።"

"ቀንዱ ላይ አድርጊው።"

"ቀንዱ እኮ ዓይኑ ነው።"

"ታዲያ ማነጣጠር ይቀለዋላ!"

"የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ" አለች ሠዓሊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ወደ አባትየው ጠጋ ብላ፣ "አንተ፣ ይሄ ጌም አሁን ስለ ምንድን ነው? ንገረኝና ልሣለው" አለችው።

አባትየው አፉን ከፈተ። ስለ ደብዳቤ ነው ሊል ነበር፤ ደብዳቤ የለም። ስለ ጎመን? ስለ ጥይት? ራሱ ዞረበት። ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ የሠራውን ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ማለት ያሳፍራል፤ ግን አያውቅም።

እሁድ ከሰዓት ልጁ ሶፋው ላይ ተጋድማ ታብሌቷ ላይ አፍጥጣለች። እሱም እንደ ልማዱ ለሰኞ የሚሆን መልስ ሊለቅም አጠገቧ ተቀመጠ። በአዲስ ጌም ዓሣ እያጠመደች ነው።

"የተኩሱን ተውሽው እንዴ?"

"ሰለቸኝ።"

"እርሻውንስ?"

"እሱማ ድሮ! ሁሉም ይሰለቹኛል አባዬ።"

"ታዲያ ለምን ትጫወቻቸዋለሽ፣ የኔ ማር?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ ጤንነቱን የተጠራጠረች ትመስላለች። "የአንተ እስኪያልቅ ነዋ! ቀንድ አውጣው እስኪመጣ ጊዜው እንዲሄድልኝ።"

አባትየው ክው አለ። ልጅቷ እነዚያን ሁሉ የምትጫወተው የእሱን እየጠበቀች ነው። የእሱ አላልቅ ያለው ደግሞ እሷ የምትጫወተውን እያሳደደ ነው። ታዲያ ማን ነው ማንን የሚከተለው? ከየትኛው ጫፍ ጀምሮ ይፍታው?

"ደብዳቤውን ያደርሳል አይደል?" አለችው።

"እንዴታ!" አላት።

ሰኞ ጠዋት ቆርጦ ተነሣ። የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ የሚናገረውን እየደጋገመ ወጣው። አለቃው እንደ ወትሮው ዞረና ጠየቀው።

"አለቃ፣ ልጄ ከእነዚያ አንዱንም አትወድም" አለ አባትየው። "የእኛን እየጠበቀች ነው፤ የመጀመሪያውን፣ ደብዳቤ የሚያደርሰውን። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠበቀች። በቃ፣ እሱን እንጨርስላት።"

ሠዓሊዋ እንኳን ቀና አለች። አለቃውም፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ልቡ ተነካ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና አገጩን ዳበሰ። "ሦስት ዓመት" አለ። "ያሳዝናል። በእውነት አንጀት ይበላል።" ከዚያ ወደ አባትየው ጠጋ አለ። "እና እስከዚያ ድረስ ምን እየተጫወተች ነው?"

አባትየው አልመልስም ሊል ነበር። ምላሱ ግን ልማዷን አልረሳችም፤ ትድረቅና፣ "ዓሣ ታጠምዳለች" አለች።

ሠዓሊዋ አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ለቀንድ አውጣው መንጠቆ መሣል ጀመረች።